ሁለት ሽጉጥ በአንድ ስም፦ የአማርኛ የጦር መሣሪያ ስያሜ ታሪክ ከካሳራኒ ሲታይ

ከናይሮቢ መሐል ከተማ በቲካ ጎዳና ወደ ሰሜን ምሥራቅ የወጣ ሰው ካሳራኒን ያገኛል። ኢትዮጵያውያን የቦታውን ስም ይበልጡን የሚያውቁት በስታዲየሙ ነው፤ በ1987 የመላ አፍሪካ ጨዋታዎች፣ በ2021 ደግሞ ከ20 ዓመት በታች የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ተካሂደውበታል። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዘመኑ የሚቆጠረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በዚያው ጎዳና ጥቂት አለፍ ሲሉ ካሃዋ ይደረሳል። የዛሬው የኬንያታ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ያለው እዚያ ነው፤ ቦታው ግን በ1965 ለኬንያ መንግሥት እስኪተላለፍ ድረስ ቴምፕለር የሚባል የእንግሊዝ ጦር ሰፈር ነበር። ዛሬ የቋንቋ ትምህርት የሚሰጥበት ምድር ትናንት ወታደር የሚሰለፍበት መሆኑ ለዚህ ጽሑፍ ርእስ የሚስማማ አጋጣሚ ነው።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነኝ በካሳራኒ የሚኖሩ አንድ በዕድሜ የገፉ ያገሬ ሰው ያመጡልኝ የትርጉም ሥራ ነው። ሰውዬው በኬንያ ሕግ መሠረት የጦር መሣሪያ ፈቃድ ያላቸው፣ በዕረፍት ቀናቸው ዒላማ መተኮስ የሚወዱ ናቸው። ውድድር አይገቡም፤ ለአደንም አይወጡም። ሃያ ሠላሳ ጥይት በወረቀት ዒላማ ላይ ተኩሰው፣ ቀዳዳውን ቆጥረው፣ ሻያቸውን ጠጥተው ይመለሳሉ። ከሁለት አሮጌ የእንግሊዝ ሽጉጦች አንዱን ለመግዛት አስበው የሁለቱን መግለጫ ወረቀት ይዘው መጡ። እንግሊዝኛ አያቅታቸውም፤ ነገር ግን «ገንዘብ የሚወጣበትን ነገር በአማርኛ ካላየሁት አላምነውም» አሉኝ።

የአንድ ሰዓት ሥራ መስሎኝ ነበር። ስጨርስ የመጀመሪያው ወረቀት «ወገቡ ታጥፎ የሚከፈት፣ ባለ ስድስት ጎራሽ፣ የእንግሊዝ ሥራ ሽጉጥ» ይላል፤ ሁለተኛውም «ወገቡ ታጥፎ የሚከፈት፣ ባለ ስድስት ጎራሽ፣ የእንግሊዝ ሥራ ሽጉጥ» ይላል። አንደኛው በእንግሊዝኛ ስሙ ዌብሊ ማርክ አራት፣ ሁለተኛው ኤንፊልድ ቁጥር ሁለት ነበር። ሁለቱን ለመምረጥ የመጣው ሰው በእጁ የያዘው የአንድ ጽሑፍ ሁለት ግልባጭ ሆነ። ጥፋቱ የተርጓሚው ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ከፊሉም የእኔ ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። ከፊሉ ግን አማርኛ የጦር መሣሪያን የሰየመበት ታሪክ ነው።

አማርኛ የጦር መሣሪያ ስም አላጣም። በጠመንጃ ረገድ እንዲያውም ከብዙ ጎረቤቶቹ ይልቅ ሀብታም ነው። የቀድሞውን ሰው ቋንቋ የሚያውቅ ሁሉ ሰናድርን፣ አልቢንን፣ ውጅግራን፣ ምንሽርን፣ ቤልጅግን ለይቶ ይጠራል። ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ በ1868 ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ የዘመተበት ሠራዊት የታጠቀው እርሱን ነበር። አልቢን ከአልቢኒ መጣ። ውጅግራ ፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ነው፤ የግራ ጠመንጃ ማለት ሲሆን የ1874 ሥሪት ነው። ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊኸር፣ ቤልጅግ ደግሞ ከአገር ስም፣ ከቤልጂየም ተወሰደ።

እነዚህን ቃላት የሚመረምር የቋንቋ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው የተወሰዱት በጆሮ እንጂ በወረቀት አለመሆኑን ነው። በፈረንሳይኛው ጽሕፈት «ፉዚ» መጨረሻው ላይ ኤል፣ «ግራ»ም መጨረሻው ላይ ኤስ አለበት፤ ሁለቱም አይነበቡም፤ ውጅግራ ውስጥም አንዳቸውም የሉም። ቃሉን ያመጣው በፊደል ያየው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንዷ ድምፅ በቀረች ነበር። የመጀመሪያዋ «ፍ» ወደ «ው»፣ መካከለኛዋ «ዝ» ወደ «ጅ» ተለውጠዋል፤ ሁለት የፈረንሳይ ቃላት ተጣብቀው አንድ የአማርኛ ስም ወጥቷቸዋል። ምንሽርም እንዲሁ ነው፤ በጀርመንኛው ውስጥ ያለችውን ለስላሳ የ«ኽ» ድምፅ አማርኛ ተናጋሪ የሰማት «ሽ» ብሎ ነው። ስሙን ያስገቡት ነጋዴው፣ አሽከሩና ወታደሩ እንጂ ጸሐፊው አይደሉም።

ለምን ለእያንዳንዱ ጠመንጃ ስም አስፈለገ? መልሱ ከጠመንጃው ይልቅ በጥይቱ ላይ ያለ ይመስለኛል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገባው ጠመንጃ ከብዙ አገር የተሰበሰበ ነበር፤ በ1896 ዓድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊት በእጁ የያዘው የአንድ ፋብሪካ ሥራ አልነበረም። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ገበያ ሄዶ «ጥይት ስጠኝ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የውጅግራ ነው ወይስ የምንሽር ማለት ግድ ነው። በዚያ ላይ ጥይት ራሱ ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን መገበያያ ሆኖ ያገለግል ነበር። ገንዘብ የሆነ ነገር ደግሞ ስሙ በትክክል ካልተጠራ ጠብ ያመጣል። እንግዲህ የጠመንጃ ስሞች በሙሉ የጀግንነት መዝገብ ብቻ ሳይሆኑ የገበያ መዝገብም ናቸው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም። በቀረርቶና በፉከራ ውስጥ ገብተው መቅረታቸው ይህን የገበያ ፊታቸውን ሸፍኖታል።

ሽጉጥ በዚህ መንገድ አልሄደም። ቃሉ የአገር ቃል ነው፤ ከ«ሸጎጠ» ወጥቶ እንደ «ድፉን» እንደ «ፍጹም» ባለ የተደራጊ ቅርጽ የተሠራ ሲሆን፣ የተሸጎጠ፣ በወገብ ወይም በልብስ ሥር የገባ ማለት ነው። ስሙ ስለ መሣሪያው አሠራር፣ ስለ ሠሪው፣ ስለ መጣበት አገር የሚናገረው አንዳች የለም። የሚናገረው የት እንደሚቀመጥ ብቻ ነው።

ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው የጠመንጃ ቃል ታሪክ ነው። ጠመንጃ በጥንቱ አጻጻፍ «ጠብመንጃ» ከቱርክኛው «ታባንጃ» በአረብኛው «ጠበንጃ» በኩል የመጣ ነው። ታባንጃ ግን በቱርክኛ ረጅም ጠመንጃ አይደለም፤ እስከ ዛሬም ሽጉጥ ማለት ነው። አማርኛ የሽጉጥን ስም ተውሶ ለረጅሙ መሣሪያ ሰጠው። ተናጋሪው ደግሞ ባዕዱን ቃል እንደ ባዕድ አልተወውም፤ በውስጡ «መንጃ»ን አገኘበት። ከ«ነዳ» የወጣው ይህ የመሣሪያ ስም ዛሬ «መንጃ ፈቃድ» በምንለው ውስጥ የምናውቀው ነው። ስለዚህ ጠብመንጃ «ጠብ መንጃ»፣ ጠብ የሚነዳበት ዕቃ ተብሎ ተተረጎመ። ትርጓሜው በሥርወ ቃል ሚዛን ትክክል አይደለም፤ የቃሉ ቅርጽ ለምን እንዲህ ሆኖ እንደጸና ለማስረዳት ግን ከማንኛውም ሥርወ ቃል ይልቅ ይጠቅማል። ከእርሱ የሚቀድመው ነፍጥም በአረብኛ መጀመሪያ የሚነድ ዘይት፣ ቀጥሎም ባሩድ ማለት ነበር፤ ወደ እኛ ሲደርስ መሣሪያው ራሱ ሆነ። የሽጉጥ ስም ወደ ጠመንጃ ከተዛወረ በኋላ ትንሹ መሣሪያ ያለ ስም ቀረ፤ ባዶውን ቦታ የሞላው ሽጉጥ የሚለው የአገር ቃል ነው ብዬ እገምታለሁ።

በካሳራኒ ገበያ የሚነገረው ስዋሂሊ በሌላ መንገድ ሄዷል። ረጅሙ መሣሪያ «ቡንዱኪ» ከአረብኛ፣ አጭሩ «ባስቶላ» ከአውሮፓ ነው፤ ሁለቱም ባዕድ ሆነው ቦታቸውን ሳይለዋወጡ ተቀምጠዋል። ጥይት «ሪሳሲ» ነው፤ እርሱም በአረብኛ እርሳስ ማለት ነው፤ ከአማርኛው «አረር» ጋር በሐሳብ ይገናኛል። ባሩድና «ባሩቲ» የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸውን ለመናገር ማስረጃ አያሻም። ሁለቱ ቋንቋዎች ከአንድ የባሕር ንግድ ጠጥተው በተለያየ መንገድ ተሰይመዋል።

ሽጉጥ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ሲገባ ሁልጊዜ በባለቤቱ ወይም በሰጪው ይታወቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ነፍሳቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የተላከላቸው ነበር፤ ይህን የማያውቅ የታሪክ አንባቢ የለም። ሽጉጡን የሠራው ማን እንደሆነ፣ ጥይቱ የትኛው እንደሆነ ግን የሚጠይቅ ተማሪ አላጋጠመኝም። የሽጉጥ ወግ እንዲህ ነው፤ የመኳንንት ስጦታ፣ የሹም ጌጥ፣ የአንድ ሰው የብቻ ዕቃ ሆኖ ስለኖረ የገበያ ስም አላስፈለገውም። ከጊዜ በኋላ «ኮልት» እና «ማካሮቭ» የሚሉት ገብተዋል፤ እነርሱም የመጡት ሽጉጥ ለጦር መኮንንና ለፖሊስ በብዛት መታደል ሲጀምር ነው። ብዛት በመጣበት ስም ይከተላል።

ከአሠራር የተወሰደ አንድ መለያ ግን አማርኛ አለው፤ «ጎራሽ» ይባላል። አንድ ጎራሽ፣ አምስት ጎራሽ፣ ስድስት ጎራሽ። መሣሪያው አፍ አለው፤ ይጎርሳል፤ ባለቤቱ ያጎርሰዋል። ጉርሻን የሚያውቅ ሕዝብ ያወጣው ስም ነው። ተሽከርካሪ ሽጉጥ፣ ማለትም ስድስት ቀዳዳ ያለው ከበሮ እየዞረ ጥይት የሚያቀርብለት ዓይነት፣ በዚህ ቆጠራ «ባለ ስድስት ጎራሽ» ሆኖ ያልፋል። (ከበሮ የምለው እኔ ነኝ፤ የተሻለ ቃል ያለው ይስጠኝ።) ሆኖም ጎራሽ ብዛትን እንጂ ሌላ ነገር አይለይም። ጣሊያኖች በ1889 ያወጡት ቦዴዮ የተባለ ባለ 10.35 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለተራ ወታደር የተሠራው ቱቦው ባለ ስምንት ጎን፣ ምላጩ ወደ ላይ የሚታጠፍና መከለያ የሌለው ነበር፤ ለመኮንን የተሠራው ቱቦው ድቡልቡል፣ ምላጩም ባለ መከለያ ነበር። ጣሊያንኛ የወታደርና የመኮንን ብሎ ለያቸው። በአማርኛ ሁለቱም ስድስት ጎራሽ ናቸው።

የእንግሊዙ ጥንድ ወደ ኢትዮጵያ ታሪክ የገባው ግን በናይሮቢ በኩል ነው። በ1941 ጄኔራል አለን ካኒንግሃም የመሩት ጦር ከኬንያ ተነሥቶ በሶማሊያና በሐረር በኩል አልፎ ሚያዝያ 6 ቀን 1941 አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በፊት በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወደ ኬንያ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን መጀመሪያ በኢሲዮሎ፣ ኋላም በታቬታ ካምፕ ተቀምጠው ነበር፤ ከእነርሱ የተውጣጣው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ከግዴዎን ኃይል ጋር ጎጃም ዘምቷል። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ መኮንን በወገቡ የሚይዘው ዌብሊ ወይም ኤንፊልድ ነበርና፣ ሁለቱ ሽጉጦች ከአማርኛ ተናጋሪ ጋር የተያዩት ቢያንስ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው። ተለይተው የተጠሩበት የአማርኛ ስም ግን አልተረፈልንም።

የሁለቱ መመሳሰል ራሱ ታሪክ አለው፤ እንደ ዘመድ ክርክር ያለ። የእንግሊዝ ጦር በ1915 የተቀበለው ዌብሊ ማርክ ስድስት ባለ 0.455 ኢንች ትልቅ ሽጉጥ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሹማምንቱ ይህ መሣሪያ ሲተኩስ እጅን ክፉኛ ይመታል፣ አዲስ ወታደርን ለማሠልጠንም ይከብዳል ብለው ባለ 0.38 ኢንች ሽጉጥ ፈለጉ። የዌብሊ ኩባንያ ከማርክ ስድስት አሳንሶ ያዘጋጀውን አቀረበ። መንግሥት ግን በኤንፊልድ በሚገኘው በራሱ ፋብሪካ አስመስሎ፣ የውስጥ አሠራሩን ለውጦ፣ ኤንፊልድ ቁጥር ሁለት ብሎ አወጣው። ኩባንያው ካሣ ጠይቆ ተከራከረ፤ ክሱ ቢወድቅበትም የፈጠራ ሥራ ካሣ የሚመለከተው የንጉሣዊ ኮሚሽን በመጨረሻ 1,250 ፓውንድ ፈረደለት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመሣሪያ እጥረት ሲመጣ መንግሥት የዌብሊን ማርክ አራትም ገዛ። እንዲህ ሆኖ አባትና አስመሳይ በአንድ ሠራዊት ጎን ለጎን አገለገሉ።

ሁለቱም ከስድስት በላይ አይጎርሱም፤ የተለመደው ቱቧቸው 5 ኢንች ነው፤ ሁለቱም ወገባቸው ሲታጠፍ የተተኮሰውን ቀለህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይተፋሉ፤ የሚበሉትም ጥይት አንድ ነው። የኤንፊልድ ጎን በክዳን ይከፈታል፤ የውስጡ ሥራ ለሚመረምር ሰው ያለ ችግር ይታያል። ዌብሊ እንዲህ ያለ ክዳን የለውም። በውጭ አንድ የሚመስሉት በውስጥ የተለያዩ ስለሆኑ የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይገባም።

ወሳኙ ልዩነት ከኋላ ባለው መቺ ላይ ነው። ስለ ስሙ ትንሽ ልዘግይ። ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ ይህን ብረት ውሻ ይሉታል፤ ቱርክኛ አውራ ዶሮ ይለዋል፤ የድሮ እንግሊዝኛም እንዲሁ አውራ ዶሮ ይለው ነበር። ጥይቱን ሊነክስ ወይም ሊጠቅም የተዘጋጀ እንስሳ አድርገው አይተውታል። እኔ «መቺ» ያልሁት ሥራውን ብቻ ይዤ ነው። የምላጩም ስም የጠራ አይደለም፤ በዛሬው ጽሑፍ «ምላጭ ሳበ» እና «ቃታ ሳበ» እንደ አንድ ነገር ይገባሉ። ለልብ ወለድ ጸሐፊ ይህ ጸጋ ነው። የአንድን ሽጉጥ ደኅንነት ለሚገልጽ ሰው ግን በጣት የሚሳበውና ወደ ኋላ የሚጎተተው በአንድ ስም ሊጠሩ አይገባም።

በዌብሊ ማርክ አራት መቺው ጅራት አለው፤ ተኳሹ በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ስቦ ሊያቀባብለው ይችላል። ከዚያ በኋላ ምላጩ በትንሽ ግፊት ይለቃል፤ እጅም አይንቀጠቀጥም። ዒላማ ለሚተኩስ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም የለም። ኤንፊልድም መጀመሪያ እንዲህ ነበር። በ1938 ግን ጅራቱ ተቆረጠ፤ ምክንያቱ ጅራቱ በታንክ ውስጥ ከዕቃ ጋር ስለሚያያዝ ነው ሲባል ኖሯል። ጅራተ ቆራጣው ኤንፊልድ በአውራ ጣት አይቀባበልም፤ ምላጩ ራሱ ረጅምና ከባድ መንገድ ተጉዞ መቺውን ማንሣትና መልቀቅ አለበት። ቀድሞ ባለ ጅራት ሆነው ከተሠሩትም ብዙዎቹ ኋላ ተቆርጠዋል።

እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ለውጥ የሚመዘግቡት በኮከብ ነው። የመጀመሪያው ማርክ አንድ፣ ጅራቱ የተቆረጠው ማርክ አንድ ባለ አንድ ኮከብ ይባላል። በ1942 የጦርነት ጥድፊያ ሲበረታ ሥራውን ለማቅለል አንድ ትንሽ ብረት ከውስጡ አወጡ፤ መቺውን የምታግድ ብረት ነበረች። ይህኛው ማርክ አንድ ባለ ሁለት ኮከብ ተባለ። ማገጃዋ በሌለችበት፣ የጎረሰ ሽጉጥ ከእጅ ወድቆ መቺው ከመታ ሊተኩስ ይችላል። ጉዳቱ ስለታወቀ ከጦርነቱ በኋላ አብዛኞቹ ተሰብስበው ማገጃዋ ተመልሳላቸዋለች፤ ሆኖም በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ኮከብ ብቻ አይቶ የውስጡን ማወቅ አይቻልም።

የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። መግለጫውን ስተረጉም ይህን ሁሉ ሳልመረምር «ማርክ አንድ፣ ባለ ሁለት ኮከብ» ብዬ ቃል በቃል አስቀመጥሁት። ሽማግሌው አነበቡና ፊታቸው በራ። «ዌብሊው ኮከብ የለውም፤ ይኸኛው ሁለት አለው። ይሻላል ማለት አይደል?» አሉኝ። በአማርኛ ኮከብ የመኮንን ትከሻ ላይ ያለ ማዕረግ ነው፤ የሆቴል ደረጃ ነው፤ በጨመረ ቁጥር ክብር ይጨምራል። ቃሉ በትክክል ተተርጉሟል፤ ትርጉሙ ግን ተገልብጧል። አደጋውን የሚያመለክተው ምልክት በእኔ እጅ የሽልማት ምልክት ሆኖ ወጣ። («ማርክ»ም ራሱ በአማርኛ ጆሮ «ምርኮኛ አድርግ» የሚል ትእዛዝ ነው፤ ይህ ግን ማንንም አይጎዳም።)

«ጋሼ፣ ይቅርታዎን፤ እንደገና ልጻፈው» አልኋቸው።

ሁለተኛው ትርጉም ሦስት ቀን ፈጀ። በመጀመሪያ «ጥይት» የሚለውን መበተን ነበረብኝ። በአማርኛ ጥይት የሚተኮሰው እርሳስም ነው፣ ከነቀለሁና ከነባሩዱ ያለው ሙሉ ዕቃም ነው። የእነዚህ ሽጉጦች ነገር ግን በሁለቱ ልዩነት ላይ የቆመ ነው። የመጀመሪያው አረራቸው 200 ግሬይን፣ ወደ 13 ግራም የሚመዝን እርሳስ ነበር፤ የማነጣጠሪያቸው ከፍታ የተለካው ለእንዲህ ያለ ከባድ አረር ነው። ዛሬ ለዚሁ ቀለህ የሚሸጠው የተለመደው አረር 146 ግሬይን ያህል፣ ከ10 ግራም በታች ስለሆነ በወረቀቱ ላይ ዝቅ ብሎ ይመታል። ይህን የማያውቅ ተኳሽ ዓይኑን ይጠራጠራል። ከዚህም የሚብስ አለ። «ሠላሳ ስምንት» የሚባለው ጥይት አንድ አይደለም፤ ለዌብሊና ለኤንፊልድ የሚሆነው ቀለሁ አጭርና ትንሽ ወፈር ያለ ሲሆን፣ «ስፔሻል» የሚል ቅጥያ ያለው ሠላሳ ስምንት ረዘም፣ ቀጠን ብሎ ኃይሉ የጨመረ ሌላ ጥይት ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ማጉረስ አይገባም። የውጅግራና የምንሽር ዘመን ነጋዴ ይህን ስሕተት አይሠራም ነበር፤ ስም ነበረዋ።

ስለ ኮከቦቹ የመረጥሁት መንገድ ምልክቱን ትቶ ነገሩን መጻፍ ነው። «ባለ አንድ ኮከብ» በማለት ፈንታ «ጅራተ ቆራጣ»፣ «ባለ ሁለት ኮከብ» በማለት ፈንታ «ጅራተ ቆራጣ፣ ሲሠራ ማገጃ ያልነበረው» ብያለሁ። ጅራተ ቆራጣ ለበግና ለውሻ የሚነገር የአገር አነጋገር ስለሆነ ማብራሪያ አይፈልግም። የሰማው ሰው የጎደለውን ወዲያው ያያል። ስለ ጎደለ ነገር የሚናገር ስም ኮከብ ተብሎ ከሚያጌጥ ይልቅ ጉድለት ተብሎ ቢጠራ ይሻላል የሚለው አቋሜ ለሌሎችም የሙያ ቃላት የሚሠራ ይመስለኛል፤ ሁሉም ባልደረቦቼ ግን አይስማሙበትም። የሙያ ምልክት መተርጎም የለበትም፣ እንደ መለያ ቁጥር በነበረበት መቀመጥ አለበት የሚል ክርክር አለ። ለመዝገብ ቤት እውነት ነው። ወረቀቱን ይዞ ገንዘብ ሊከፍል ለሚሄድ ሰው ግን አይበቃም።

በኢትዮጵያ ሕግ አማርኛም ይኸው ጥያቄ ይነሣል። የ2012 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 1177 ስሙ «የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር» ነው። ጦር ያልዘመተበት፣ ለዕረፍት ቀን ዒላማ ብቻ የሚያገለግል አሮጌ ሽጉጥም በአማርኛ መሣሪያነቱ የጦር ነው። ስዋሂሊው «ሲላሃ» ጦርን ሳይጠቅስ ያልፋል። ለቃሉ አማራጭ ማቅረብ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን ስለ መዝናኛ ተኩስ በአማርኛ ለመጻፍ የሚነሣ ሁሉ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ ይጋጠመዋል።

ሽማግሌው አዲሱን ወረቀት ተቀብለው ሁለቱንም ሽጉጦች ወደ አንድ የመሣሪያ ጠጋኝ ወሰዱ። የኤንፊልዱ የጎን ክዳን ሲከፈት ማገጃዋ በቦታዋ ተገኘች፤ ከጦርነቱ በኋላ ከተመለሰላቸው አንዱ ነበር። ስለዚህ ፍርሃቱ ተነሣ፤ ምርጫው ግን አልተለወጠም። ዌብሊውን ወሰዱ። እኔም በቦታቸው ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር፤ ጅራቱ ያልተቆረጠ ኤንፊልድ ቢገኝ ግን ለክዳኑ ስል ኤንፊልድን እመርጥ ነበር። የእርሳቸው ምክንያት አጭር ነው፤ «በአውራ ጣቴ ካላቀባበልሁ የተኮስሁ አይመስለኝም» አሉ።

የትርጉሙን ወረቀት ሲመልሱልኝ በእርሳስ አርመውበት ነበር። «ከበሮ» ያልሁትን ሰርዘው ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አኑረዋል። የመጀመሪያው ትርጉም ላይ የነበረውን «ባለ ሁለት ኮከብ» ሁለት ጊዜ አስምረው ሰርዘውታል። «ጅራተ ቆራጣ»ን አልነኩትም።